ወፏ በሬ ያለቻቸው ሽማግሌ

ኮሎምበስ ውስጥ ጋሼ ሀብተማርያምን ሽማግሌ ሳይልክ ያገባ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ጠልፏል ወይ ፍርድ ቤት ሄዶ ፈርሟል። ሌላ መንገድ የለም። ሰውዬው ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ሽምግልና ነው። ማንም አልቀጠራቸውም፣ ግን ቅዳሜ ከከተማው ዳር ደብሊን ሰፈር ሄደው አንዱን ሲድሩ፣ እሑድ ዎርዝንግተን የተኳረፈ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ይውላሉ። ለሽምግልና ብቻ የሚለበስ ግራጫ ሱፍ አላቸው። ከዘራም አላቸው። ከዘራውን የገዙት እግራቸው ጤነኛ ሳለ ነው፤ «ሽማግሌ ያለ ከዘራ፣ ፖሊስ ያለ ባጅ» ብለው። በኋላ ጉልበታቸው በእውነት ታሞ ከዘራው ሥራ ሲጀምር ግን ተናደዱበት።

ደግሞ ጉድ በሉ፤ እኚህ አገሩን ሁሉ የዳሩ ሰው ራሳቸው አላገቡም። ለምን ሲባሉ፣ «የሰውን በር ሁሉ የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ማን ያንኳኳልኝ?» ብለው ይገላገላሉ።

ቁጡ ናቸው። የሚያረፍድ ሰው አይወዱም፣ አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ስፒከር አድርጎ የሚያወራ ሰው አይወዱም፣ ከሁሉም በላይ ግን ዝይ አይወዱም። ሐኪም በየማለዳው ተራመዱ ስላላቸው ፖላሪስ ካሉት ቢሮዎች ጀርባ ያለችውን ኩሬ ይዞራሉ፤ ኩሬዋን ደግሞ የካናዳ ዝይ ወሯታል። ጥቁር አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ነጭ አገጫቸውን አንጋጠው፣ መንገዱን ዘግተው ይቆማሉ። ጠጋ ሲሏቸው ምላሳቸውን አውጥተው «እሽሽሽ» ይላሉ። «ሰው አገር መጥቶ እንዲህ መጥገብ አለ?» ይላሉ ጋሼ፣ ራሳቸው ከየት እንደመጡ ረስተው። ኩሬው ዳር በአንድ እግሯ የምትቆመውን አንገተ ረዥም ግራጫ ወፍ ግን ያከብሯታል። «አያችኋት? ግማሽ ሰዓት ንቅንቅ አትልም፤ ዓሣው ራሱ እስኪመጣላት። ሽምግልና ማለት ይሄ ነው።»

አሁን የምነግራችሁ ነገር የመጣው ግን በኪዳን ነው። ኪዳን ከስደተኛ ካምፕ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ያለ እናት ያለ አባት ሲመጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ «ለሁለት ሳምንት የሚያስጠጋው ሰው» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ከቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንታቸውን ሰጡት። ሁለቱ ሳምንት ይኸውና አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ዛሬ ኪዳን የአንድ ጭነት ካምፓኒ ዲስፓቸር ነው፤ ሾፌሮቹን የሚያሰማራ። ጋሼን ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እሱ፣ የስልካቸውን ፓስወርድ የሚያስታውሰው እሱ፣ ጠዋት ጠዋት እንቁላላቸው ላይ ጨው ሲነሰንሱ እጃቸውን የሚይዘው እሱ ነው።

ኪዳን ደግሞ ሔርሞንን ወደደ። ሔርሞን የለማ ልጅ ናት። ለማ ዎርዝንግተን የሚኖር፣ ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት የሆነው፣ ከመጋዘን ሥራ በቅርቡ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልጁን ፋርማሲስት ትሆናለች ብሎ ዩኒቨርስቲ ቢልካት የወፍ ትምህርት ተምራ ወጣች። አሁን በየፓርኩ ሕፃናት ሰብስባ ስለ ወፍ ታስተምራለች። ሰው «ልጅህ ምን ሆነች?» ሲለው፣ ለማ «ሕክምና ነገር» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

ኪዳንን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሲያትል አዛወረው፤ ጁን አንድ እዚያ ሥራ መግባት አለበት። ሔርሞን ቁርጧን ተናገረች። «አባቴ በሽማግሌ ፊት ‹ሰጥቻለሁ› ካላለ አልሄድም። በስልክ አይሆንም፣ በቴክስት አይሆንም።» ነገሩ እንግዲህ ግልጽ ነው። ሽማግሌዎቹ ጁን ሳይገባ እሺ ካላሰኙ ኪዳን ብቻውን ይሄዳል። ሁለት ሺህ ማይል ተራርቆ የሚቀመጥ ፍቅር ምን እንደሚሆን ደግሞ ጋሼ በዓይናቸው አይተዋል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ከጋሼ ሀብተማርያም ሌላ ጋሼ ታዴዎስ አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ በረዳትነት የሠሩ፣ ሰው ሲያስነጥሰው ሮጠው ትኩሳት የሚለኩ። ሦስተኛው ጋሽ ጣሃ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሥጋ ቤት አላቸው፣ ምርቃታቸው መሬት ጠብ አይልም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄዱ። ለማ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ወገቡን በሻሽ አስሮ «ወይኔ! ወይኔ!» ይላል። የእኛን ሰው ወግ መቼም ታውቃላችሁ፤ የታመመ ሰው ራስጌ ቆሞ «ልጅህን ስጠን» አይባልም። ነውር ነው። ሦስቱ ተያዩ። አንዱ «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉ፣ አንዱ «አላህ ያሽርህ» አሉ፣ ታዴዎስ ወገቡን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው የሚቀባ ነገር አዘዙለት። ወጡ። በሁለተኛው ቅዳሜ ብርቱካንና ጁስ ይዘው ሄዱ። ወገቡ ድኖ ኖሯል፤ ጉልበቱ ግን ብሶበታል። ደግሞ «ይማርህ»፣ ደግሞ ወጡ። ጋሼ ሀብተማርያም መኪናው ጋ ደርሰው ዞር ሲሉ ግን በመስኮቱ ውስጥ ለማ ተነስቶ ብርቱካን ሲመርጥ አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ከሦስታችንም በላይ ጤነኛ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ሀብቴ፣ ሕመም እኮ መጣ ሄድ ይላል» አሉ ታዴዎስ።

«መጣ ሄድ የሚለውማ እሱ ነው፣ ብርቱካኔን እየበላ!»

ለሦስተኛው ቀጠሮ ኮል ሲያደርጉለት ለማ አልታመመም። እንዲያውም ድምፁ ፈካ ብሏል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደወሉ። መምጣት አይቻልም። ድራይቭዌዩ ተዘግቷል።»

«በምን?»

«ወፍ እንቁላል ጥላበት።»

ለማ ድራይቭዌዩን፣ ከመንገድ ወደ ቤቱ የሚያስገባውን የመኪና መግቢያ፣ አስፋልት አላስነጥፍም ብሎ በገዛ እጁ ጠጠር ያፈሰሰበት ሰው ነው። ጠጠሩ መሐል ወፍ አራት እንቁላል ጥላለች። ሔርሞን ብርቱካናማ የመንገድ መዝጊያ ኮን ደርድራ፣ ገመድ ዘርግታ፣ ወረቀት ለጥፋለች። «የፌዴራል ሕግ ነው ጋሼ» አለ ለማ፤ «እንቁላሉን የነካካ ይቀጣል። ገና ሃያ ስድስት ቀን ትታቀፋለች። ጁን አሥር ገደማ ብቅ በሉ።»

ጁን አሥር! ጋሼ ስልኩን ግድግዳው ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸው። የሴት ልጅ አባት የሚደረድረውን ምክንያት በሙሉ ሰምተዋል። ዘር የጠየቀ ነበር፣ የጥርስ ኤክስሬይ የጠየቀ ነበር፣ ክሬዲት ስኮሩን፣ የዕዳ አከፋፈል ነጥቡን፣ ካላየሁ ያለም ነበር። በወፍ ያመካኘ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉና ቅዳሜ ጠዋት ሱፋቸውን ለበሱ። «በእግራችን እንገባለን» አሏቸው ለሁለቱ። «ይሄ ሦስተኛችን ነው። ዛሬ ካልተሰጠን አራተኛ የለም።»

መንገድ ዳር ፓርክ አድርገው ወረዱ። በሣሩ ዞረው ቢሄዱ በረንዳው ድረስ የሚከለክላቸው አልነበረም። ግን ጋሼ ሀብተማርያም ናቸዋ! «ሽማግሌ በጎን አይገባም። በጎን የሚገባ ሌባ ነው» ብለው ገመዱን በከዘራቸው ብድግ አደረጉት። ከፊት እሳቸው፣ ቀጥለው ታዴዎስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከኋላ ጋሽ ጣሃ ቆባቸውን እያስተካከሉ፣ በጠጠሩ መሐል ሰተት ብለው ገቡ።

አምስት እርምጃ አልሄዱም፣ «ዲ! ዲ! ዲ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ከርግብ የምታንስ ወፍ ናት። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ፣ ደረቷ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ተጠምጥሞባታል፣ የዓይኗ ዙሪያ ቀይ ነው፣ እግሯ ክብሪት ያህላል። ሮጥ ትላለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ደግሞ ሮጥ። ከዚያ በድንገት ጠጠሩ ላይ ዘፍ አለች። አንድ ክንፏ ተሰብሮ ተንጠለጠለ፣ ጅራቷ ተዘረጋ፣ ከጅራቷ በላይ ያለው ብርቱካናማ ላባ ቁስል መስሎ ታየ። መሬት ለመሬት እየተጎተተች አንጀት የሚበላ ለቅሶ ታለቅሳለች።

«ውይ! ክንፏ ተሰበረ!» አሉ ታዴዎስ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉት።

«ተዋት! ጉዳይ ላይ ነን!»

«ስብራት ነው ሀብቴ! እኔ ስብራት አላውቅም?» ነጠላቸውን እንደ ቃሬዛ ዘርግተው ጠጋ አሉ። ወፏ ሁለት ሜትር ተጎተተች። ጠጋ አሉ። ሦስት ሜትር ተጎተተች።

ጋሽ ጣሃም አንጀታቸው አልቻለም። «ነፍስ ናት እኮ፣ ሀብቴ። ጥለናት ብንገባ ምርቃታችን ይያዛል? ታዴዎስ፣ አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ!» ብለው ከተል አሉ።

ሁለቱ አዛውንት አጎንብሰው፣ ነጠላ ወጥረው፣ «ነይ እናቴ፣ ነይ የኔ ምስኪን» እያሉ የጎረቤቱን ሣር ተሻገሩ። ጎረቤትየው የሣር ማጨጃውን አጥፍቶ አፉን ከፍቶ ያያል። ወፏ ሁልጊዜ አንድ ክንድ ትቀድማቸዋለች። ከጎረቤቱ ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩ ወደ ማዕዘኑ። ታጠፉ። ጠፉ።

ጋሼ ሀብተማርያም ድራይቭዌዩ መሐል ብቻቸውን ቀሩ። ብቻውን የመጣ ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ አይባልም፣ ጎረቤት ነው የሚባለው። «ሁለት ትልልቅ ሰዎች በወፍ!» እያሉ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲራመዱ፣ ከእግራቸው ሥር ሌላ ወፍ ተነሳች። የመጀመሪያዋን ቁርጥ። እቺ ግን አላለቀሰችም። ክንፏንም አልሰበረችም። ላባዋን ነፋች፣ ጅራቷን ዘረጋች፣ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሮጠች። ጫማቸውን ጠቅ! ከዘራቸውን ጠቅ! ጋሼ አልሸሹም፣ ዞር አሉ። በዞሩበት መጣች።

በዚህ መሐል በሩ ላይ ያለችው የዶርቤል፣ የደወሉ፣ ካሜራ ሰማያዊ መብራቷን አበራች። «ጋሼ ሀብተማርያም...» የለማ ድምፅ ነው፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። «አሞኛል።»

«ዛሬ ደግሞ ምንህን?»

«እ...» አለ። ሲያስብ ነው። «ትከሻዬን።»

ሊመልሱለት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሔርሞን የጎማ ቦቲዋን አድርጋ፣ አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥላ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ! ፕሊስ፣ እንዳይንቀሳቀሱ! እንቁላሉ ግራ እግርዎ አጠገብ ነው!»

ጎንበስ ብለው አዩ። ጠጠር ነው። ደግመው አዩ፣ ያው ጠጠር። ልጅቷ በጣቷ ስታሳያቸው ነው አራቱ እንቁላሎች የታዩዋቸው። ሹል ሹል ጫፋቸውን ወደ መሐል ገጥመው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶባቸው፣ አንድም ጎጆ፣ አንድም ጭራሮ ሳይኖራቸው ጠጠሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ከዘራቸውን ቀስ ብለው ከጠጠሩ አነሱ። ትንሽ ቢሆን ረግጠዋቸው ነበር።

«ኪልዲር ትባላለች» አለች ሔርሞን ቀስ አድርጋ እጃቸውን ይዛ ወደ ገመዱ እየመለሰቻቸው። «ዘመዶቿ ውሃ ዳር አሸዋ ላይ ነው እንቁላል የሚጥሉት። እሷ ጠጠር ካገኘች ፓርኪንግ ሎትም ቢሆን፣ የሱቅ ጣሪያም ቢሆን ትጥላለች። ሁለቱ ሽማግሌዎችስ የት ሄዱ?»

«የተሰበረችዋን ሊያሳክሙ።»

«የተሰበረ የለም ጋሼ፤ አክቲንግ ነው። ድመት ወይ ውሻ ሲመጣ፣ ማለት የሚበላት ነገር ሲመጣ፣ የተጎዳች መስላ ታስከትለዋለች። የምታለቅሰው እንቁላሉ በሌለበት በኩል ነው። ሩቅ ከወሰደችው በኋላ ብድግ ብላ ትበራለች።»

«ለእኔ ግን አላለቀሰችም። ተማታችኝ እንጂ።»

ሔርሞን ከንፈሯን ነከሰች። «እሱ... ሌላ ኬዝ ነው። ላም ወይ ፈረስ ሲመጣ፣ ማለት የማይበላት ግን ሳያይ የሚረግጣት ትልቅ እንስሳ ሲመጣ፣ ማልቀስ አይሠራም። ስታለቅስ አይከተላትማ። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ቆማ...»

«እና?»

«ምናልባት ከዘራውም እንደ እግር ተቆጥሮ...»

«በሬ አለችኝ?»

«ጋሼ፣ እኔ ሳልሆን ሳይንሱ—»

«እኔን! ሀብተማርያምን! በሬ!»

ከዶርቤሉ ውስጥ ለማ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትዝ አለውና አቃሰተ።

«ወንዙ ውስጥ ሳትከታቸው ልድረስባቸው» አለችና ሔርሞን ወደ ማዕዘኑ ሮጠች።

ጋሼ ንዴታቸው እየበረደ ሲሄድ፣ ልጅቷ የተናገረችው አንድ ነገር ጆሯቸው ውስጥ ቀረ። የምታለቅሰው እንቁላሉ በሌለበት በኩል ነው። ወገቡ፣ ጉልበቱ፣ አሁን ትከሻው። እስከ ዛሬ ብርቱካንና ቅባት ይዘው የተከተሉት የለማን የውሸት ክንፍ ኖሯል! እሺ፣ በሬ ካሉን አይቀር እንደ በሬ ቆመን እንይ አሉና ከዘራቸውን ገመዱ ዳር ተከሉ።

«ለማ» አሉ፣ ለዶርቤሉ። «ወገብህን አልጠይቅም። ጉልበትህንም ትከሻህንም አልጠይቅም። ልጅህንም ለጊዜው ትቻታለሁ። ምንድን ነው የምትፈራው?»

«እዚህ ላይ አላወራም» አለ ቆርቆሮው። «ይሄ ነገር የተባለውን ሁሉ ቀድቶ ሔርሞን ስልክ ላይ ይልካል።»

«እንግዲያው ውጣ።»

«ትከሻዬ—»

«ለማ!»

በሩ ተከፈተ። ለማ በቤት ጫማ ወጣና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ እንደዚያ አይወርድም። በሣሩ በኩል ዞሮ መጥቶ ጋሼን በክንዳቸው ይዞ ወደ በረንዳው ወሰዳቸው። በወጉ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም፤ ጋሼ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቆመው የሚሰሙት ነገር እንዳልሆነ ከሰውዬው ፊት አይተዋል።

«ሚስቴ የሞተች ጊዜ» አለ ለማ፣ «ሰው ሁሉ ‹አይዞህ፣ ልጅ አለችህ› አለኝ። እውነት ነው፣ ልጅ አለችኝ ብዬ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ቲቪውን የምትከፍትልኝ እሷ ናት። በቀን አንድ ሰው ካናገርኩ እሷን ነው። አሁን እናንተ ሱፍና ነጠላ ለብሳችሁ እሷን ልትወስዱ መጣችሁ። ልጁ ዱርዬ ቢሆን እኮ እምቢ ብዬ እገላገል ነበር! መልካም ልጅ ነው። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ‹ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው› ይላል ትልቅ ሰው በሽማግሌ ፊት?»

ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ጋሼ የተዘጋጀ ንግግር አላቸው። «ለማ፣ ልጅ እኮ አሳድገህ ለሰው ነው» ብለው ጀመሩ። «ወግ ማዕረጓን ማየት የአባት ደስታ ነው። ነገ የልጅ ልጅ ይመጣል፣ ቤትህ ይሞላል...» አርባ ጊዜ ያሉት ነገር ነው፤ ሳያስቡት ይወርድላቸዋል። ለማ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ ያለ ምንም ክፋት ቀና ብሎ ጠየቃቸው።

«እርስዎስ ጋሼ? ኪዳን ሲሄድ እቤት ማን አለ?»

ጋሼ ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

እግዜር ያሳያችሁ። ወር ሙሉ ሱፍ እያስተኮሱ፣ ቀጠሮ እያስያዙ፣ ሰው እየተቆጡ ሮጠዋል። ኪዳን ሲያትል እንደሚሄድ ለሰው ሁሉ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ግን ቤዝመንቱ ጨለማ እንደሚሆን፣ ጠዋት እንቁላላቸው ላይ የፈለጉትን ያህል ጨው ቢነሰንሱ እጃቸውን የሚይዝ እንደማይኖር፣ ይሄ ነገር እስካሁን ልባቸው ጋ አልደረሰም ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ወፏ ምን በደለች?

«ማንም» አሉ። «ማንም የለም።»

ሁለቱም ጠጠሩን አዩ። ወፏ ተመልሳ እንቁላሎቿ ላይ እየተመቻቸች ነው፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፣ አራቱም ከሆዷ ሥር እስኪገቡ ድረስ ተነቃነቀች።

«ጫጩቶቹ እኮ» አለ ለማ፣ «በተፈለፈሉ ቀን በእግራቸው ተነስተው ይሄዳሉ ትላለች ሔርሞን። በዚያው ቀን! ይሄ ሁሉ ለቅሶ፣ ይሄ ሁሉ ጠብ፣ አንድ ሌሊት እንኳን አብረዋት እዚህ ሊያድሩ አይደለም።»

«እናቲቱስ?»

«አብራቸው ትሄዳለች።»

«ሲያትል ዝናብ ነው አሉ» አሉ ጋሼ።

«እኔም ሰምቻለሁ። አልችለውም።» ለማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ይለፋሉ? ‹ለማ እምቢ አለ› ብለው ቢሄዱ እኮ አለቀ። እሷም እዚህ ትቀራለች። እሱም ምናልባት ሥራውን ትቶ ይቀራል። ሁለታችንም ልጆቻችን አሉን።»

አያድርስ ነው። ጋሼ ሀብተማርያም አሰቡት። ሽማግሌ ነኝ ብለው ሐሳቡን ቶሎ አላባረሩትም፤ ተቀምጠው በደንብ አሰቡት። አንዲት ቃል ናት። ማንም አያውቅባቸውም። ኪዳን ሁለት ሳምንት ያኮርፋል፣ ከዚያ ማታ ይመጣና ጫማውን በሩ ላይ ያወልቃል፣ «ጋሼ፣ ራት በሉ?» ይላል። እንዲህ እያሰቡ ሳሉ ከማዕዘኑ ጫጫታ ተሰማ።

ታዴዎስ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ነጠላቸው ሣር በሣር ሆኖ መጡ። «በረረች! ልይዛት እጄን ስዘረጋ ፊቴ ላይ ብር ብላ ተነሳች! ክንፏ ደህና ነው! ክንፏ ከእኔ ክንድ ይሻላል!» ጋሽ ጣሃ ቆባቸውን እያራገቡ፣ በሔርሞን ተደግፈው ተከተሉ። «ሱብሃነላህ፣ ይቺ ወፍ በውሸት አቶ ለማን ታስከነዳዋለች» እያሉ ነበር፣ ቀና ሲሉ ለማን ጤነኛ ሆኖ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አዩት። ወፏ «ዲ» አለች።

ሔርሞን በረንዳው ጥግ ሄዳ ቆመች። አባቷን አየች፣ ጋሼን አየች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። የሁለት እጆቿን ጣቶች ቆላልፋ እስኪነጡ ድረስ ጨብጣቸዋለች። ጋሼ እነዚያን ጣቶች አዩ። ኪዳንም ዛሬ ጠዋት ከረባታቸውን ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ አስሮላቸዋል።

ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ አቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ለማ» አሉ። «የመጣነው ለክቡር ጉዳይ ነው። ልጅህን ሔርሞንን ለልጄ ለኪዳን እንድትሰጠኝ ነው።»

ታዴዎስ ገልመጥ አደረጓቸው። በወጉ «ለልጃችን» ነው የሚባለው፤ ጋሼ ሀብተማርያም በዕድሜያቸው ስተውት አያውቁም። ለማ ግን ገባው። ከዚያ እሱም ተነሳ፣ የቤት ጫማውን አስተካከለ፣ ሱሪውን አራገፈ።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

ጋሽ ጣሃ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን አወረዱት፤ ውለዱ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ፣ የሄዳችሁበት ይቅናችሁ። ሁሉም «አሜን!» ሲል ወፏ ደንግጣ ሰፈሩን በጩኸት አቀለጠችው። ሔርሞን አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለችና ለጋሼ ሰጠቻቸው። «እርስዎ ይንገሩት። ከእርስዎ ነው መስማት የሚፈልገው።»

ገና «ሃሎ» ሳይሉ፣ «ጋሼ! ሰጡን?» አለ ኪዳን።

«ሰጡን።»

ኪዳን ሥራ ቦታው ሆኖ የጮኸው ጩኸት ከስልኩ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተሰማ። ለማ ጠጋ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። «ይንገሩት እንጂ» አላቸው በሹክሹክታ። «መሄድህ ከበደኝ ይበሉት።»

ጋሼ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «አንተስ ለእሷ ትነግራታለህ?»

ለማ ልጁን አየ። የታዴዎስን ነጠላ እያራገፈች፣ ሣሩን እየለቀመች ትስቃለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላያትም።

«አልነግራትም» አለ።

ጋሼ መዳፋቸውን አነሱ። «ጋሼ? አሉ?» ይላል ኪዳን። «ምነው ድምፅዎ ጠፋ?»

«አለሁ» አሉ። «እልል በል፣ ልጄ።»